ለእንግዳ የተቀመጠው ሄልሜት

ተረት ይሁን? «ይሁን» ካላችሁኝ ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ። መሐል ላይ አቋርጦ «እውነት ነው ወይ?» የሚለኝ ካለ ግን ከወዲሁ ውጭ ይጠብቀኝ።

እንስሳት አፍ አውጥተው በሚናገሩበት፣ ጫማና ቀበቶም እንደ ሰው በሚኩራሩበት በዚያ ዘመን፣ አያ አንበሶ ሰማይ የሚታከክ ፎቅ ያሠራ ነበር። ፎርማኑ አያ ዝንጀሮ ነበር። የእስቶሩን ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ደግሞ እመት ጦጢት ነበረች። በባሕር ዛፉ መወጣጫ ላይ ብሎኬት ተሸክሞ የሚወጣው ወጠጤ ፍየል ነው። ሚስቱ እርጉዝ ነበረችና ሥራውን አጥብቆ ይፈልገው ነበር።

አያ አንበሶ ለሠራተኛ ብሎ ጫማ፣ ቀበቶና ሄልሜት ገዝቶ ልኳል። ይህን ክፉ ነው አልልም። እመት ጦጢት ግን ተቀብላ፣ ወልውላ፣ በላስቲክ ሸፍና ቆለፈችባቸው።

አንድ ቀን ወጠጤን ሚስማር ወጋው። እያነከሰ ወደ እስቶሩ ሄደ።

«ወንድሜ ጫማ፣ እባክህ እግሬን ሸፍንልኝ» አለው።

«እኔ? ጭቃ ልረግጥ? እንግዳ ሲመጣ በምን ፊቴ ልቀርብ ነው?» አለ ጫማው።

ወጠጤ እያነከሰ ተመለሰ።

ሌላ ቀን መወጣጫው ላይ አዳለጠው። ቀንዱ አጣና ላይ ባይያዝለት ኖሮ አልቆለት ነበር። እየተንቀጠቀጠ ወደ እስቶሩ ሄደ።

«ወንድሜ ቀበቶ፣ እባክህ ወገቤን ያዝልኝ» አለው።

«ማንጠልጠያዬ ገና አልተቧጨረም። አንተን ተሸክሜ ልቧጨር? እንግዳ ሲመጣ ምን ይለኛል?» አለ ቀበቶው።

ወጠጤ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ።

በሦስተኛው ጊዜ ከላይ የወደቀ ጠጠር ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ እየወረደ ወደ እስቶሩ ሄደ።

«ወንድሜ ሄልሜት፣ እባክህ ራሴን ጠብቅልኝ» አለው።

ሄልሜቱ ላስቲኩ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። «የላብህ ሽታ አንዴ ከገባብኝ መች ይለቀኛል? እኔ የእንግዳ ነኝ» አለ።

ይሄኔ ወጠጤ ትዕግሥቱ አለቀ። «እመት ጦጢት፣ እነዚህ የተገዙት ለእኔ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«ላንተ ነው እንጂ። ማን ላንተ አይደለም አለ? ግን ልጠይቅህ፤ ቤትህ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ የለህም?»

«አለኝ።»

«ጠጥተህበት ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ! ሚስቴ መች ታስነካኛለች።»

«አየህ። ታዲያ ቤትህን የምታከብረውን ያህል ሥራ ቤትህንም አክብር።»

ወጠጤ አፈረ። «እውነትሽን ነው» ብሎ ደሙን በጆሮው ጠርጎ ወደ ብሎኬቱ ተመለሰ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ቀንድ ያለውን እንኳ አንገት ያስደፋል።

በመጨረሻ እንግዳው መጣ። አያ አንበሶ ራሱ፣ አጃቢዎቹን አስከትሎ ፎቁን ሊጎበኝ ደረሰ። እስቶሩ ተከፈተ። ሄልሜቱ ማንም ሳይቀድመው አያ አንበሶ ጎፈር ላይ ወጣ፤ አልገባ ብሎ እንደ ጉልላት ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ጫማውና ቀበቶው ለአጃቢዎቹ ተዳረሱ። ከዚያ ሁሉም ከፎቁ ርቀው ዋርካ ጥላ ሥር ቆሙ።

«ሠራተኞቼ ሄልሜት አላቸው?» ሲል አያ አንበሶ ጠየቀ።

«ይኸው ጌታዬ፣ የደፉት እኮ የእነሱ ነው። ጭረት እንኳ የለበትም» አለች እመት ጦጢት።

«ምን ያሉ ጥንቁቅ ሠራተኞች ናቸው» አለ፤ ደስ አለው።

አያ ዝንጀሮ ደግሞ እንግዳ ፊት ሥራው እንዲደምቅለት ሠራተኛውን ያጣድፍ ጀመር። በጥድፊያው መሐል ከላይኛው ፎቅ አንድ ብሎኬት አመለጠ። ወጠጤ ከሥሩ ነበር። ራሱን መታው፤ ወደቀ፤ አልተነሣም።

አያ አንበሶ እዚያ ዋርካው ሥር ሆኖ ደነገጠ። መዳፉን ሄልሜቱ ላይ ጭኖ «ተመስገን፤ ይህን ባልደፋ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ። አጃቢዎቹም ተራ በተራ እየቀረቡ «እንኳን እግዜር አተረፈዎ» አሉት።

በማግስቱ ቀብር ሆነ። ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው እመት ጦጢት ነበረች። ደረቷን ደቅታ ስታበቃ ሄልሜቱን ወልውላ የሬሳ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። «ይገባዋል፤ ጥሩ ሠራተኛ ነበር» አለች። ሄልሜቱም እንደ ልማዱ በኩራት አብለጨለጨ።

የወጠጤ ሚስት ሆዷን ደግፋ ቀረበች። «እመት ጦጢት፣ እሱ ሲለምን የእንግዳ ነው ተብሎ ነበር። ታዲያ ዛሬ እንግዳው ማነው?» አለቻት።

አፈሩ ከመመለሱ በፊት እመት ጦጢት ሄልሜቱን አነሣችው። አቧራውን እፍ አለችና ላስቲኩን መልሳ አለበሰችው፤ ነገ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣላ።

ተረቴ ከመወጣጫዋ ወርዳለች፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ተነሡ። ስትሄዱ ግን ይህን ያዙልኝ፦ ለእንግዳ ያኖሩት ሄልሜት፣ ከባለቤቱ የሚገናኝ በሞት።