የእንግዳወርቅ መልክ

ደሴ ፎቶ ለመነሳት ኮት በምትዋስበት በአንድ ወቅት፣ እንግዳወርቅ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሲጀምር መንገድ ዳር ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ጉርድ ፎቶ ያነሳ ነበር፤ ኋላ ፎቶ ቤት ከፈተ። ሙሽራ በሉት ዘማች፣ እሱ ያላነሳው ሰው አልነበረም። ግን አመለኛ ነው፤ ካሜራውን ለሰው አያስነካም። እናም የራሱ አንድም ፎቶ አልነበረውም።

ሲያጣጥር ሚስቱን አሰገደችን ጠርቶ፣ «መልኬን ፈልጎ ላመጣ ልጅ ካሜራዬን ስጪው» አላት። ሞተ። ለቅሶው ላይ ከፍ አድርጋ የምትይዘው ፎቶ አጥታ ባዶ እጇን ስታለቅስ ዋለች። ከሞቱ ይልቅ ይሄ አንጀቷን በላው። ልጆቿ ግን ለአርባው እንደሚያደርሱላት ቃል ገቡ።

ትልቋ ሸዋረገድ የድሮ ፊልሞችን ስታገላብጥ፣ በአንዲት ሙሽራ የዓይን ብሌን ውስጥ ካሜራ ላይ ያጎነበሰ ሰው አየች። አጉልታ አጠበችው። ብዥ ይላል፤ ግን ራሱ እንግዳወርቅ ነው።

መካከለኛው ይግዛው፣ ፎቶ ላይ የደንበኛን ፊት በእርሳስ ሲያስውብ የኖረው፣ አባቱን ከልቡ አውጥቶ ሳለው። ቁርጥ እሱን። ጠዋት ሲነሳ የሳለው ጢም አድጎ አገኘው።

ትንሹ ማንያዘዋል ግን ጉድ ሠራ። የአባቱን ኮት ለብሶ ካሜራው ፊት ተቀመጠና ራሱን አነሳ። ፎቶው ሲታጠብ ወንበሩ ላይ አባቱ ተቀምጦ ወጣ፣ የግንባሩ ጠባሳ ሳይቀር። አሰገደች እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም፤ ኮቱንም አላወልቅ አለ።

አርባው ደረሰ። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሦስቱ ምስሎች ፊቷ ተደርድረው፣ ካሜራው ጭኗ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሸዋረገድ፣ «እማዬ፣ ከሦስቱ እውነተኛ ፎቶው የኔው ነው» አለቻት።

«የሷ ላይ ፊቱ አይለይም፤ የኔን ያዢ» አለ ይግዛው።

ማንያዘዋል ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «አሱ፣ ካሜራዬን መልሽልኝ» አላት።

አሱ የሚላት ባሏ ብቻ ነበር፤ እሱም ጓዳ ውስጥ እንጂ በልጆቹ ፊት ብሏት አያውቅም። ፈራች። ናፈቀችም። ብትሰጠው ልጇ በዚያው እንደሚቀርባት፣ ብትከለክለው ባሏን በእጇ ዳግም እንደምትቀብር ሆዷ ነገራት።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው፦ ካሜራው የሚገባው ፈልጋ ላገኘችው ነው፣ ከልቡ አውጥቶ ለሳለው ነው፣ ወይስ የገዛ ፊቱን ለሰጠው?