የምትንተባተበው መጋዝ

አንድ ዛፍ ቆራጭ ነበር፤ ስሙ አንዳርጌ። በሙያው የሚስተካከለው በዚያ አገር አልነበረም፤ በችኮላም እንዲሁ። ወጡ ሳይበርድለት የሚጎርስ፣ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ የሚያልፍ፣ ቆሞ ሲያወራ እንኳ አንድ እግሩ መንገድ የጀመረ ዓይነት ሰው ነው። ሚስቱ "አንተ እንቅልፍም የምትተኛው እየሮጥክ ነው" ትለዋለች። እሱም ነገሩ ስድብ መሆኑን እስኪያስብ ድረስ ቤት ውስጥ አይቆይም።

የሥራ ጓደኛው ጫኔ ይባላል። የጫኔ ሥራ የዛፉን ጫፍ በገመድ አስሮ ወደሚወድቅበት አቅጣጫ መሳብና ከሩቅ ሆኖ አካባቢውን መጠበቅ ነው። እንደ እሱ አጥርቶ የሚያይ የለም፤ ምላሱ ግን ይያዛል። አንድ ቃል ለመናገር የመጀመሪያዋን ፊደል ሦስት አራት ጊዜ ያንኳኳል። አንዳርጌ ደግሞ ይህን መጠበቅ ሞቱ ነው። ጫኔ ገና "ው... ው..." ሲል "ውኃ? እንካ!" ብሎ ኮዳውን ይወረውርለታል። ሁልጊዜ ይሳሳታል አይባልም። አንዳንድ ቀን ግን ጫኔ ሊል የፈለገው "ውሻው መጣብህ" ነበር። ጫኔም ኮዳውን እንደያዘ ዝም ይላል። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲሠሩ ጫኔ የጀመረውን ነገር ራሱ የጨረሰበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

አንድ ጊዜ ክረምቱ ሲቃረብ የመንደሩ ሰዎች ተጨንቀው መጡ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን ትልቅ ባሕር ዛፍ የአምናው ጎርፍ ሥሩን አጥቦት ስለነበር ወደ ቤቱ ማዘንበል ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ግንዱ ሲያቃስት ይሰማል። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ሰው አይጠፋበትም፤ እናቶች ናቸው፣ ሕፃን ያዘሉም አሉ። "ነገ ነፋሱ ሳይነሣ ጣሉልን፤ የሰው ነፍስ ነው" ብለው ለመኑ።

አንዳርጌ የሞተር መጋዟን አውጥቶ ሞከራት። ቤንዚን የሚሰጣትን የእጀታዋን ምላጭ ሙሉ በሙሉ ሲስበው ቀጥ ብላ መጮህ ሲገባት ጉሮሮውን እንደያዘው ሰው ትንተባተባለች። ደጋግሞ ሳበው፤ ያው ነው። ከዚያ በላይ መቆም አልቻለም። ጫኔን አስከትሎ ከተማ ወዳሉት የሞተር ጠጋኝ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ገሰገሰ።

ሽማግሌው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ወዲያው አልነኩትም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ፈቱ፤ የእንጨት ብናኝ ጠቅጥቆት ነበርና አራገፉት፣ አጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ማጣሪያው እስኪደርቅ ድረስ አንዳርጌ ግቢውን ስምንት ጊዜ ዞረ። "የካርቡራቶሩን ቪቴ ብቻ ቢያጠብቁልኝ ምን ነበር ጋሼ!" አላቸው።

"አፍንጫው ለታፈነ ሰው የጉሮሮ መድኃኒት አይሰጥም" አሉና ማጣሪያውን መለሱ። ከዚያ ካቻቢቴያቸውን ካርቡራቶሩ ላይ ወዳሉት ጥቃቅን ቪቴዎች አስገብተው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያሉ አስተካከሏት። ምላጩን ሲስቡት መጋዟ ተነሣች፣ ጮኸች፣ የመጨረሻው ፍጥነቷ ላይ ስትደርስ ግን አሁንም በስሱ ተንተባተበች።

"ይኸው እኮ ጋሼ! አሁንም ትንተባተባለች!"

"አዎ። እንድትንተባተብ ነው ያደረግኳት።"

አንዳርጌ ሽማግሌውን አያቸው። አርጅተዋል ማለት ነው ብሎ በልቡ ፈረደ።

"ስማኝ" አሉት። "ይቺ ሞተር ዘይቷን ለብቻው አትጠጣም፤ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚደርሳት። ይቺን ቪቴ ካጠበቅህባት ቤንዚኑ ያንሳል፣ ድምጿም ይስላል፣ ትፈጥናለች። አንተ በረታች ትላለህ። ዘይቱም አብሮ ማነሱን፣ ውስጧም መቃጠሉን ግን ጆሮህ አይነግርህም። አሁን በባዶው የምትንተባተበው የሚበቃትን ስለጠጣች ነው። እንጨት ውስጥ ስትገባ ድምጿ በራሱ ይጠራል። አንድ ትንፋሽ ያህል ታገሣት።"

"ካልጠራስ?"

"ይጠራል።"

"ቢቆይስ?"

"አንተ ሰው፣ መቼ ገባችና ነው የምትቆየው?" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። አንዳርጌ ግን መጋዟን ተሸክሞ አስፋልቱን ተሻግሯል። ሽማግሌው ይህን አይተው የጫኔን እጅጌ ያዝ አደረጉና በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲወጡ ጫኔ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር አፉ ላይ ነበር። "ጋ... ጋሽ..." አለ።

"ጋሽ ወንድይፍራው አርጅተዋል ልትል ነው? እኔም እሱን ነው የማስበው።"

ጫኔ ራሱን ነቀነቀ። "አ... አት... አት..."

"አትዘግይ? እውነትህን ነው፣ ፈጠን እንበል!" ብሎ አንዳርጌ እርምጃውን ጨመረ። ጫኔ ገመዱን ትከሻው ላይ አስተካከለና ተከተለው።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። አንዳርጌ መጋዟን አስነሣ። ትንተባተባለች። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ "ይቺ ናት እንዴ ያንን ዛፍ የምትጥለው?" ብለው ሣቁ። አንዳርጌ ፊቱ ቀላ። ያ መንተባተብ ገና ድሮ አንጀቱን አቃጥሎታል፤ አሁን ደግሞ ሰው ፊት ሆነበት። እንጨት ውስጥ እስክትገባ አንድ ትንፋሽ መታገሥ ነበር የተባለው። እሱ ግን ኪሱ ገብቶ ካቻቢቴውን አወጣና ቪቴዋን ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አጠበቃት። ድምጿ ቀጠነ። ትንሽ ጨመረላት። መጋዟ ያለ አንዳች ማቋረጥ ጥርት ብላ ጮኸች፤ ሰውም አጨበጨበ። "ይኸዋ!" አለ አንዳርጌ። ጫኔ ብቻ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሰዉን ሁሉ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ አራቁት። ዛፉ መውደቅ ያለበት በተቃራኒው በኩል ወዳለው ጠፍ ሜዳ ነው። አንዳርጌ በሜዳው በኩል የመውደቂያውን አፍ ቆርጦ ከፈተና ወደ ጀርባው ዞሮ ዋናውን ቁርጥ ጀመረ። ከቆመበት ሆኖ ሜዳው አይታየውም፤ ግንዱ ይጋርደዋል። ጫኔ ሜዳው ዳር ገመዱን ጉቶ ላይ ጠምጥሞ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል። እሱ ገመዱን ከለቀቀ ዛፉ ተመልሶ ወፍጮ ቤቱ ላይ ነው።

ነፋሱ ከወትሮው ቀድሞ መንፈስ ጀምሮ ነበር። አንዳርጌ ቅጠሉ ሲንሾካሾክ ሰምቶ መጋዟን አስጨነቃት። መጋዟም እየጮኸች ግንዱን ትበላለች።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ዘርትሁን የምትባል እናት ከወፍጮ ቤቱ የጓሮ በር ወጣች። ሰዉ ሲጠራ ጓዳ ሆና ዱቄቷን ስታስር አልሰማችም፤ አሁን ከንጋት ጀምራ ወረፋ ጠብቃ ያስፈጨችውን በጀርባዋ ተሸክማ ጎንበስ ብላለች። ዙሪያ ጥምጥሙን ከመሄድ ብላ በሜዳው አቋራጭ ገባች።

ጫኔ አያት። እጁን እንዳያወራጭ ገመዱን ይዟል። እሷን ቢጠራት የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። የቀረው ምላሱ ብቻ ነው፤ ያቺው የምትያዘው ምላሱ። መጋዟ ለቅጽበት ዝቅ ስትል ባለ በሌለ ጉልበቱ ወደ አንዳርጌ ጮኸ፤ "ቁ!"

አንዳርጌ ምላጩን ላላ አደረገ እንጂ ቀና አላለም።

"ቁ... ቁ..."

"ቁረጥ! እየቆረጥኩ አይደል እንዴ? ምን ያስጮህሃል!" አለና ምላጩን እስከ መጨረሻው ሳበው።

መጋዟ ጮኸች፤ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ ያህል ግንዱን እንደ ቅቤ ቆረጠችው። ከዚያ አንድ ነገር ውስጧ ሲናከስ ተሰማ፤ ሰንሰለቷም እንጨቱ ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለ። አንዳርጌ ማስነሻ ገመዷን ሳበ። አልነቃነቅም አለ። ደግሞ ሳበ። የተቸነከረ ይመስል ንቅንቅ የለም።

ያን ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከሜዳው ማዶም የጫኔ ድምፅ መጣ፤ ያንኑ ቃል አሁንም አልተወውም ነበር።

"ቁ... ቁም!"

አንዳርጌ የቃሉን መጨረሻ ሰማ። አንገቱን ከግንዱ ጀርባ ብቅ ቢያደርግ፣ ዛፉ ሊተኛበት በነበረው ቦታ መሐል ለመሐል አንዲት እናት ዱቄት ተሸክማ ቆማለች።

"ጨረሳችሁ እንዴ?" አለች ወይዘሮ ዘርትሁን ወደ ላይ እያየች። "ድምፁ ሲጠፋ ነው ቀና ያልኩት። እኔ እንኳ ቶሎ ልለፍ ብዬ ነው።"

ሰዎች ከማዶ ሮጠው እጇን ይዘው አወጧት። አንዳርጌ ግንዱ ሥር ቁጭ አለ። ያልተቆረጠው እንጨት አራት ጣት ቢሆን ነው። ሞተሯ ጥቂት ብትቆይለት ኖሮ ያቺን እናት ገድሏት ነበር፤ ያውም ቁም እየተባለ። ይህን ሲያስብ አፈረ። መጋዟን ያቃጠለው ችኮላው ነው፤ ሴትየዋን ያተረፋትም የመጋዟ መቃጠል ነው። በዚህ መመስገን አይቻልም።

ዛፉ ግን አሁንም ቆሟል፤ ነፋሱም እየበረታ ነው። በቁርጡ ውስጥ ሽብልቅ መትተው መጋዟን አወጧት። የመንደሩ ጎልማሶች ገመዱን ከጫኔ ተቀበሉ። የአናጢው ባለ ሁለት እጀታ የእጅ መጋዝ መጣና አንዳርጌ በአንድ ወገን፣ ጫኔ በሌላው ያዙት። በዚህ መጋዝ መሳብ እንጂ መግፋት የለም፤ ጓደኛህ ሲስብ ለቀቅ ታደርጋለህ። አንዳርጌ ግን ዛፉ ሲያቃስት ቸኩሎ መጋዙን ገፋው፤ መጋዙም ታጥፎ ተያዘ። ጫኔ ቆሞ ጠበቀው። ሁለተኛም ገፋ፤ ሁለተኛም ተያዘ። በሦስተኛው አንዳርጌ ጥርሱን ነክሶ ተራውን ጠበቀ። ያቺ አራት ጣት ዓመት ሆነችበት። በመጨረሻ ግንዱ ቋ አለና ዛፉ ባዶው ሜዳ ላይ ተዘረረ።

ሰው እልል ሲል ሁለቱ ግንዱ ላይ ተቀመጡ። አንዳርጌ ወደ ጓደኛው ዞረ። "ጫኔ፣ ይ... ይቅ..." አለ፤ ምላሱ ተያዘ። ጫኔ ምን ሊል እንደሆነ አውቋል፤ ሆኖም አልጨረሰለትም። ጠበቀው።

"ይቅር በለኝ" አለ አንዳርጌ። ቆይቶም፣ "ትናንት ጋሽ ወንድይፍራው በጆሮህ ምን አሉህ?" ብሎ ጠየቀና አፉን ዘጋ። ጫኔ የመጀመሪያዋን ፊደል ማንኳኳት ሲጀምር አንዳርጌ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

"መ... መንገድ ላይ መነካካቱ አይቀርም፤ አ... አትንካት በለው አሉኝ።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

ጫኔ የተቃጠለችውን መጋዝ አየት አደረጋት።

"ጀ... ጀምሬ ነበር" አለ።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። የዘገየ ሁሉ የታመመ አይደለም፤ ጥርት ብሎ የሚጮህም ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ሞተሯ ስትንተባተብ ዘይቷን እየጠጣች ነበር፤ ሰው ያጨበጨበላት እየነደደች ሳለ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ለመናገር ጊዜ የሚፈልገውን ባልንጀራችንን ቃሉን እየነጠቅን ስንጨርስለት የረዳነው ይመስለናል። የምንሰማው ግን የራሳችንን ቃል ነው፤ የእሱ ገና አፉ ውስጥ አለ።

ልጃችሁ፣ ባላችሁ፣ ሚስታችሁ ወይም የሥራ ጓደኛችሁ ዛሬ "ቁ..." ብሎ ጀምሮ ይሆናል። ቁረጥ ይሁን ቁም በምን አወቃችሁ?