ድንጋይ ጠራቢውና ባለ እባብ ፀጉሯ ሴት

አንድ ሊቆን የሚባል ግሪካዊ ድንጋይ ጠራቢ፣ ግሪኮችና ሮማውያን ተደባልቀው በሚኖሩባት የወደብ ከተማ ይኖር ነበር። የከተማዋ ሰው ክፉ ነገር ደጁን እንዳይደፍር ከበሩ በላይ ከጥንት ተረት የታወቀችውን የባለ እባብ ፀጉሯን ሴት ፊት ያስቀርጻል። ሊቆንም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷኑ ሲቀርጽ ኖሯል፤ ዓይኗ የፈጠጠ፣ ምላሷ የተጎለጎለ፣ ጥርሷ እንደ ከርከሮ ያገጠጠ።

ሜሊታ የምትባል ልጅ ነበረችው። በአንድ ባለጸጋ ቤት አገልግላ ከተመለሰች ወዲህ ሰው ሲቀርባት ትቆጣለች፤ ያገኘችውን ትወረውራለች። ጎረቤት ሲጠይቀው የሊቆን መልስ አንድ ነበር፦ «ከተፈጥሮዋ ነው።» ከመጪው በዓል ማግስት ወደ ሩቅ ዘመድ ሊሰዳት ጓዟን አስሮ አስቀምጧል።

አንድ ቀን ፉልቪያ የምትባል ሮማዊት እመቤት ለበሯ ይህንኑ ፊት ልታሠራ መጣች። የተጀመረ ሥራ አይታ ሳቀች።

«ይህቺ ሴት ናት ወይስ ጥርሱን ያመመው ከርከሮ?»

«እመቤቴ፣ ሌባ ቆንጆ አይቶ መች ይሸሻል? ደግሞ ጭራቅ ሆና ነው የተወለደችው። አባቶቻችን የነገሩን ይህንን ነው።»

«የእኛዎቹ ግን ቆንጆ ነበረች ይላሉ። የባሕሩ አምላክ በአንዲት ሴት አምላክ መቅደስ ውስጥ ደፈራት። የመቅደሱ ባለቤት የሆነችው ሴት አምላክ እሱን ትታ እሷን ቀጣች፤ ፀጉሯን እባብ አደረገችው። የእኔን የሰው ፊት አድርገህ ሥራልኝ።»

ሊቆን እሺ አለ። መሮውን ሲያነሳ ግን እጁ ቆመ፤ የሰው ዓይን ቀርጾ አያውቅም። አይቶ ለመሥራት ሜሊታን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ እንጂ አንቺ ልጅ፣ አልበላሽ!»

ዓይኗን ለመለካት ጠጋ ሲል ትከሻዋን ሰብስባ ፊቷን በክንዷ ጋረደች። ሊቆን ደነገጠ። ሠላሳ ዓመት የፈጠጠ ዓይን ሲቀርጽ፣ ዓይን በፍርሃትም እንደሚፈጥ አስቦ አያውቅም ነበር። መሮውን አስቀምጦ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ምን አድርገውሽ ነው?»

ሜሊታ ክንዷን ከፊቷ አወረደች። ከዚያ «አንድ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኸኝም» ብላ አለቀሰች። በባለጸጋው ቤት የደረሰባትን ሁሉ ነገረችው። በዚያው ቀን ሊቆን የታሰረውን ጓዝ በገዛ እጁ ፈታ።

ፉልቪያ ሥራዋን ልትወስድ መጥታ የተቀረጸውን የሰው ፊት አየችና «ታዲያ የማን ታሪክ ነው እውነቱ?» አለችው።

«እሱን አላውቅም፣ እመቤቴ። የእኔው ግን ልጄን እንዳልጠይቃት አድርጎኝ ነበር።»

ስለ ሰው ሁለት ታሪክ ሲነገር የትኛው እውነት እንደሆነ ላናውቅ እንችላለን። «ከተፈጥሮው ነው» የሚለው ግን ጠይቀን እንኳ እንዳናውቅ በሩን ይዘጋብናል። በእናንተስ ቤት «ምን ደርሶብህ ነው?» እስኪባል የሚጠብቅ ማን አለ?