ለዶቃው የተቃጠለችው አገዳ

አንድ ዶቃ ሠሪ ነበር፤ ቴቴ ይባላል። በምዕራብ አፍሪካ በምትገኝ መንደር ውስጥ ሰው የጣለውን ጠርሙስ ሰብሮ፣ በሙቀጫ ወቅጦ፣ ዱቄቱን በሸክላ ቅርጽ እየሞላ በእቶን ያቀልጠዋል። በየዶቃው መሃል የካሳቫ ተክል ቀጭን አገዳ ይሰካል። አገዳዋ ተቃጥላ አመድ ስትሆን ክር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይቀራል። አገዳውን ከማሳዋ እየለቀመች የምታመጣለት ታላቅ እህቱ ዴዴ ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ትዳሯን ትታ ያሳደገችውም እሷው ናት።

የቴቴ ልጅ ልታገባ ሆነ። በቤተሰባቸው ወግ የሙሽራዋን ዶቃ አንገቷ ላይ የሚያስርላት ሰው በእንግዳው ሁሉ ፊት ይመሰገናል። ቴቴ ይህን ክብር ለአንድ ሀብታም ነጋዴ ሚስት ሰጠ። ዴዴ ይህን ብትሰማም እንደ ልማዷ አገዳዋን ይዛለት መጣች።

"ለዛሬ ይቅርብኝ እትዬ" አላት። "አመዱ ዶቃውን ያቆሽሽብኛል። የልጄ እንኳ ጥርት ይበል።"

"ታዲያ ክሩ በየት ሊያልፍ ነው?"

"ሲቀዘቅዝ እበሳዋለሁ።"

ዶቃዎቹ ከእቶን ሲወጡ ዓይን የሚያፈዙ ሰማያዊ ሆኑ። አንዱን ሊበሳ ሲል ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ሰርጉ ነገ ነው፤ እንዲያ ያለ ሰማያዊ ጠርሙስ ደግሞ ሌላ የለውም። ቴቴን ላብ አጠመቀው። ያን ሁሉ ውበት ዘርግፎ ሲያየው፣ አንዱ ከአንዱ ጋር የሚያያዝበት መንገድ የለውም። ያን ጊዜ እህቱ ትዝ አለችው። እየሮጠ ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ።

"እትዬ፣ ይቅር በይኝ! እኔ ከሰው እኩል የቆምኩት አንቺ ስለነደድሽልኝ ነው። አንድ ቀን እንኳ አመሰግንሻለሁ ብዬሽ አላውቅም።"

ዴዴ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ሳቀች። "ተነስ አሁን፣ ሰርግ አለብን። ጠርሙስ ደግነቱ ቢሰበርም ተመልሶ ይቀልጣል። በል ሙቀጫውን አምጣ!"

ዶቃዎቹን መልሰው ወቀጧቸው፤ አገዳውን የሰካችው ዴዴ ራሷ ናት። በማግስቱ በሙሽራዋ አንገት ላይ ያሰረችውም የነጋዴው ሚስት ሳትሆን እሷ ሆነች። ቴቴ በእንግዶቹ ፊት ቆሞ ስሟን ጠርቶ አመሰገናት።

ወዳጆቼ፣ ዶቃን ሁሉም ያደንቃል፤ ቀዳዳውን ግን የሚያይ የለም። ከሰው ጋር ተያይዘን የምንኖረው አንድ ሰው የራሱን ነገር ትቶ መንገድ ስለከፈተልን ነው። እግዜር ይስጣቸው ብሎ በሆድ መያዝ አይበቃም፤ በሕይወት ሳሉ መስማት አለባቸው። እናንተስ ለማን ሳትነግሩት ቆያችሁ?