አቤት በር

ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ በሚኒባስ ተጭነው ወደ ወይራ አምባ የሚመጡ ተጓዦች፣ ፓርኳ ትንሽ ስለሆነች በግማሽ ቀን ዞረናት እንወርዳለን ብለው ነው የሚነሱት። እውነትም ትንሽ ነች፤ አንድ የወይራና የጥድ ደን፣ አንድ ምንጭ፣ ከላይ ደግሞ ገደል አፍ ላይ የምታልፍ ጠባብ በር። በሯን «አቤት በር» እንላታለን። እዚያ ስንደርስ እኛ አስጎብኚዎች የጆሮ ማዳመጫ አስወልቀን አንድ ሕግ እንናገራለን፤ እዚህ ስሙ የተጠራ ሰው፣ ማንም ይጥራው ማን፣ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ይበል። አንዳንዱ ይስቃል። ይሳቅ፣ ብቻ አቤት ይበል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ድሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ጉም ውስጥ በስም የሚጣራ ድምፅ የጋኔን ነው፣ ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጣራል፣ ጋኔን ግን ሦስተኛዋን አይደፍርም እየተባለ ልጅ ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር ይማረው ነበር። ስለዚህ በሯን የሚያልፍ ሰው ሦስተኛው ጥሪ እስኪመጣ አፉን ይይዝ ነበር ይባላል።

በዚያ ዘመን ብናልፈው የሚባል ጎልማሳ ነበር። እናቱ ታማ ልትሞት ስትል እንጉዳይን አምጡልኝ አለች፤ እንጉዳይ ከተራራው ማዶ የተዳረች እህቱ ናት። ሄዶ ይዟት የመልሱን መንገድ ጀመረ። እሷ ግን እርጉዝ ስለነበረች በየወይራው ሥር ልረፍ ትላለች፣ እሱ ደግሞ እናቴ ሳልደርስባት ታመልጠኛለች እያለ እግሩ መሬት አይነካም። ዳገቱ ላይ ተነታረኩ። «አንተ ከልጅነትህም መሮጥ እንጂ መሄድ አታውቅም» ብላ ብትቀልድበት አልሳቀም፤ በሯ ላይ እጠብቅሻለሁ ብሎ ጥሏት ቀደመ።

እሱ እንደደረሰ ጉሙ ወረደ። የገዛ እጅ እንኳ አይታይም። ከታች «ብናልፌ» የሚል ድምፅ መጣ። የእህቱ ነው፤ ግን ጋኔንም የሚጣራው በምታውቀው ድምፅ ነው ተብሎ ነው ያደገው። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ደገመ፣ አሁን ወደ ግራ ርቆ፣ በገደሉ በኩል። ሦስተኛውን ጠበቀ። ሦስተኛው አልመጣም። ጉሙ ሲገለጥ ነጠላዋን ገደሉ አፍ ላይ ካለች የወይራ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ አገኘው ይላሉ።

እናቱ ዘንድ ብቻውን ገባ፤ የሆነውንም ሳይደብቅ ነገራት።

«ጠራችህ?» አለችው።

«ሁለቴ።»

«አቤት አላልካትም?»

«ሦስተኛውን ጠብቅ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እምዬ።»

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እንግዲህ ሂድ፤ ለጠራህ ሁሉ አቤት በል» አለች፤ ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም ይባላል።

ብናልፈው ከቀብሯ በቀጥታ ወደ በሯ ሄዶ ጎጆ ቀለሰ። ነጋዴ አህያውን ሲሰድብ አቤት ይላል፣ ዝንጀሮ ሲጮህ አቤት ይላል። አበደ አሉት፤ ጎረምሶች ሆን ብለው እየጠሩ ሲያሾፉበት ለእነሱም አቤት። ጉም ሲወርድ ግን እነዚያው የሳቁበት ሰዎች የእሱን ድምፅ ተከትለው ነበር መንገዱን የሚያገኙት። እሱ ሲሞት በሯ ዝም አለች፤ በዚያው ክረምት አንድ ከገበያ የሚመለስ ሰው ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ያለፈ ለኋለኛው አቤት ማለት ተጀመረ፣ ስሟም በዚያው ጸና ይባላል።

አሁንም እንደዚያው ነው። ባለፈው ሐምሌ አንድ ተጓዥ፣ የሚጠራው ጋኔን ቢሆንስ ብሎ ባልደረባዬን ጌጡን ጠየቀው። ጌጡም «ጋኔኑም እኮ መንገድ ጠፍቶት ይሆናል» አለው፤ ተሳቀ። ሁሉንም አሳልፈን፣ ከኋላ ማንም አለመቅረቱን አይተን መውረድ ስንጀምር፣ ከጉሙ ውስጥ በግራ በኩል የሴት ድምፅ ተጣራ። የማንን ስም እንደጠራ እስካሁን አልተስማማንም። ጌጡ እንኳ አልቀለደም። ሁላችንም ወደ ገደሉ ዞረን አቤት አልን።

ድምፁ አልደገመም። ምንጩ ጋ እስክንወርድ ድረስ ግን የጆሮ ማዳመጫውን መልሶ ያደረገ ሰው አልነበረም።