ከነሥሩ የተነቀለ ሣር

የበደለ ሰው ከልቡ ከተጸጸተ፣ የተበደለው የግድ ይቅር ማለት አለበት? ቶሎ አትመልሱ።

ጥያቄውን ለወይዘሮ ደብሪቱ ያመጣችላቸው የወንድማቸው ልጅ ናት። ወይዘሮ ደብሪቱ አስተማሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው አምስት ጎረቤቶች ያልሠሩትን ጥፋት ሠርታለች ብለው በሐሰት ፈረሙባቸውና ከተወለዱበት ከተማ ተባረሩ። ሠላሳ አራት ዓመት በቆላ፣ በከብት አርቢዎች መካከል እያስተማሩ፣ ያገኙትንም መጽሐፍ ሁሉ እያነበቡ ኖሩ። አሁን ከአምስቱ ሦስቱ በሕይወት አሉ። አርጅተዋል፤ በልጅቱ በኩል ይቅርታ ብለው ልከዋል።

«እትዬ፣ አልቅሰዋል እኮ» አለች ልጅቱ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

«እንባቸውን አንቺ ነሽ የጠረግሽላቸው?»

«ኧረ እትዬ!»

«በይ ተቀመጪና ስሚኝ» አሏት።

አንድ ሰው ነበረ። ዝናብ በሚያጥርበት አገር የሚኖር፣ ብዙ ከብት ያለው ሰው። በዚያ አገር ሁለት ዓይነት መሬት አለ። ዝቅ ያለው ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እግር ይይዛል። ከፍ ያለው ደግሞ አሸዋ የተቀላቀለበት ቀይ አፈር ነው። እርጥቡን ጨብጠሽ ብትጨምቂው ይጠፈጠፋል፤ በጣትሽ ነካ ስታደርጊው ይፈርሳል። ዝናብ ሲወርድበት ወዲያው ይጠጣል እንጂ ውኃ አያቁርም። ሣርም ከሌላው መሬት ቀድሞ የሚያበቅል እሱ ነው። ያየው ሁሉ ለጋስ መሬት ይለዋል።

ነገር ግን ልግስናው ስስ ነው። የበሰበሰው ቅጠል፣ ፋንድያው፣ የሣሩ ዘር፣ ሁሉም ያለው ከላይ፣ አንድ ጣት በሚያህል ውፍረት ውስጥ ነው። ከዚያ በታች ያለው አሸዋ የሚበዛበት መናኛ አፈር ነው። ደግሞም ልል ስለሆነ ለጋ ሣር አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ቀዩን መስክ በእሾህ ያጥሩታል። ከዝናብ በኋላ አንድ ሰው ይላካል፤ ሦስት ቦታ ሣር ይዞ ይስባል። ሣሩ ከመሐል ከተበጠሰ ሥሩ ይዟል ማለት ነው፣ አጥሩ ይከፈታል። ከነሥሩ ከመጣ ይቆያል። የሚላከውም ብዙ ከብት ያለው ሰው ነው። መስኩ ቢጠፋ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እሱ ነውና አይዋሽም ይባላል።

ሁለት ዓመት ዝናብ ቀረ። ሰውየው ሲወለድ፣ እትብቱ በተቆረጠ ዕለት አባቱ የሰጡት ጊደር ነበረች። በድርቁ ከእሷ ዘር አንዲት እርጉዝ ላም ብቻ ቀረችው። እሷም በራሷ መነሣት አቅቷት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከወንድሞቹ ጋር በሆዷ ሥር እንጨት አግብቶ ያቆማታል፤ ማታ ተመልሳ ትወድቃለች። እንዲህ እያለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጥሩ ዝናብ ዘነበ። ሽማግሌዎቹም ሰውየውን ወደ ቀዩ መስክ ላኩት።

አንዱን ሣር ሳበ፤ ከነሥሩ መጣ። ሥሩ ነጭ ነበር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ራቅ ብሎ ሌላ ሳበ። ያም ያው ነው። ሦስተኛውን በቀስታ፣ የሚለምነው ያህል ሳበው፤ መጣ። ቁጢጥ ብሎ አሰበ። ለሣሩ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ላሟ ግን ሦስት ሳምንት የላትም። ይህን ሁሉ መስክ ሦስት ሳምንት ምን ያደርገዋል? አለ በልቡ። ከዚያ የሦስቱንም ሥር በጥርሱ ቆርጦ ተፋው።

ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሶ፣ «ተበጠሰ» አላቸው ሣሩን እያሳየ።

አራት ላሞች ብቻ ያሏት አንዲት ሴት ጠጋ ብላ፣ «እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለችው።

«እጄን አይተሽ ልታገቢኝ ነው? እኔኮ ሚስት አለኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀባት። ከሽማግሌዎቹ ሦስቱ ግን በከንፈሩ ላይ ቀይ አፈር አይተዋል። የእነሱም ከብት ተርቦ ነበር። አንዱ አይቶ እንዳላየ ስለ ደመናው ማውራት ጀመረ።

አጥሩ ተከፈተ። በዘጠነኛው ቀን ላሟ ያለ እንጨት ተነሣች፤ ከዚያም ጊደር ወለደች። መንደሩ ወተት ጠጣ፣ እጅህ ይባረክ እየተባለ ተመሰገነ። ሰውየውም ቀስ በቀስ፣ ሦስተኛው ሣር እኮ ከመሐል የተበጠሰ ይመስል ነበር ብሎ ለራሱ ማሰብ ጀመረ።

ከብቶቹ ግን ሣሩን እየነቀሉ እንጂ እየቆረጡ አልበሉም። የራሰውን አፈር ረግጠው ጠቀጠቁት። ፀሐይ ሲወጣ ላዩ ቅርፊት ሠራ፤ በጋ ሲገባ በኮቴ የተፈረካከሰውን ነፋስ ከነዘሩ ጠርጎ ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት ደህና ዝናብ ዘነበ። ውኃው በቀዩ መስክ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሸለቆው ወረደ። በእንጨት ቢጭሩት አንድ ጣት ሳይወርድ ደረቅ አቧራ ነው። የዚያች ሴት አራት ላሞች አለቁ። እሷም ሄደች፤ ወዴት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። በጉባኤ መሐል ተነሥቶ የራስ ጥምጥሙን ፈታ፣ ሁሉንም ተናገረ፣ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ለማለት ፈጠኑ፤ ሦስቱ ከሁሉ ፈጠኑ። ከዚያ በኋላ ሰውየው በመስኩ ላይ የበቀለውን እሾህ መነጠረ፣ ፋንድያ ተሸክሞ በተነ፣ በዘነበ ቁጥር እዚያው ቆሞ ይበሰብሳል። አንድ ቀን መስኩን የሚጠብቁትን አንድ ሽማግሌ፣ «አባ፣ ይሄ ሁሉ ዝናብ ዘነበለት እኮ! ምነው አይጠጣም? ምን ያህል ቢቀየመኝ ነው?» አላቸው።

«አልተቀየመህም» አሉት። «ይጠጣ የነበረው አፈር እዚህ የለም። አንተ የምትለምነው ከሥር የቀረውን ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«እንባቸው ዝናብ ነው፣ ልጄ። የውሸት ነው አላልኩሽም። ነገር ግን በሃያ ስድስት ዓመቴ ሰው ሲያለቅስ አብራ የምታለቅስ፣ የነገሯትን የምታምን ደብሪቱ ነበረች። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ነበረች፤ እሷን ነፋስ ወስዷታል። እነሱ የሚለምኑት ከሥር የቀረሁትን ነው።»

ልጅቱ ግን አልተቀበለችውም። «አፈር እኮ አይመርጥም፣ እትዬ። ሰው ግን ይመርጣል።»

«እውነትሽን ነው፤ እኔም መርጫለሁ። ሄደሽ ንገሪያቸው። የፈረሙትን ይቅር አልልም። እያወቁ ስለ ደመና ያወሩትንም ይቅር አልልም።»

«እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«አባትሽ አንዱ ነው። ወረቀቱ ሲፈረም በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር።»

ልጅቱ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «አባዬ እኮ ሞቷል፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። እሱንም ይቅር አልልም። ማንንም አልልም።»