ያልተሰደበ ማረሻ

አንድ ቀጥቃጭ ነበረ። አንተ የግብርና ሠራተኛችን፣ ጥያቄህን አልሸሸሁም፤ አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ከወረዳ የሚመጣው ዕቃ አንድ ሆኖ ሳለ የወንዝ ማዶ ሰዎች በምን ቀደሙን ነው ያልከኝ። መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ፤ ደብተርህን ዝጋና ስማ።

ይህ ቀጥቃጭ ማረሻ እየሠራ ሃያ ዓመት በአንድ መንደር ዳር ኖረ። የመንደሩ ሰው ቡዳ ነው ብሎ ይፈራዋል። ገዢው ከአጥሩ ውጭ ይቆማል፣ ማረሻውን በአጥሩ ላይ ይቀበላል፣ «እጅህ ይባረክ» ይላል፣ ይሄዳል። ማረሻው ቢሰበርም ያው «እጅህ ይባረክ» ነው፤ ባስከፋው በሬዬን በዓይኑ ይበላብኛል ብሎ ይሰጋላ። ታዲያ ሰውየው ምን ያድርግ? ሃያ ዓመት ምርቃት ብቻ የሰማ ጆሮ ሌላ ነገር አለ ብሎ አይጠረጥርም። ከእኔ ወዲያ ላሳር ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ዓመት፣ እርሻ ሊጀመር ሲል፣ ከአጥሩ ውጭ የሚቆም ሰው ጠፋ። መዶሻውን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። እስከ አጥሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እሳቱን ያነድዳል፣ የሚቀጠቀጥ ሲያጣ ያጠፋዋል። ሚስቱ ወናፉን ሸጠን፣ ከተማ ገብተን የሰው ዕቃ ተሸክመን እንብላ አለችው። ወናፉ የአባቱ ነበር፤ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ልቡ አላርፍ ብሎት ሲያጠያይቅ፣ ሰዉ ወንዝ ተሻግሮ ከማዶው ቀጥቃጭ እንደሚገዛ ሰማ። ያ ሰው መድኃኒት አለው አለ። ብረቱ ላይ የሚረጨው ነገር ቢኖረው ነው እንጂ! ሄዶ ሊያየው ቆረጠ።

ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ተሻገረ። የማዶው ቀጥቃጭ አጥር የለውም። ደጁን ሰው ሞልቶታል፤ አንዱ ገበሬ ወናፍ ይነፋለታል፣ ሌላው ሥራውን ይነቅፍበታል። ቡዳ ማለቱንማ እዚያም ይሉታል፤ ግን ፊት ለፊት ነው፣ እሱም ይስቃል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መጣችና ለሁለት የተከፈለ ማረሻ እግሩ ሥር ወረወረች።

«ይሄ ነው ማረሻ ያልከኝ? የአማቴ ምላስ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ እንኳ ድንጋይ ይሰነጥቃል።»

ሰውየው አልተቆጣም። የትኛው ማሳ ላይ ነው ብሎ ጠየቃት፤ ጭንጫው ላይ ነው አለችው። ስብራቱን አገላብጦ አየና፣ የጭንጫውን ማረሻ እንደጋለ ውሃ ውስጥ እየነከርኩት ነው፣ ትንሽ መብረድ አለበት አለ።

የእኛው ሰው መድኃኒቱን ሲጠብቅ ዋለ። መድኃኒት የለም። ሊነሣ ሲል ከቤቱ ክፈፍ ሥር የተከመሩ ስብርባሪ ማረሻዎች አየ። አንዱን አነሣ፤ የራሱ ምልክት አለበት። ሌላውን አነሣ፤ የራሱ ነው። ጎረቤቶቹ ለእሱ «እጅህ ይባረክ» ብለው፣ ጥፋቱን ግን ተሸክመው ወንዝ ተሻግረው ለሌላ ሰው ነግረዋል። ያ ሌላ ሰው በእሱ ጥፋት ተማረ። እሱ አልተማረበትም።

ቤቱ ሲደርስ ውሃ እንኳ አልጠጣም። መጥረቢያ አንሥቶ አጥሩን ጣለው። «የተሰበረባችሁን ካልመለሳችሁልኝ አዲስ አልሠራም» ብሎ ለመንደሩ ላከ። ሰዉ ደነገጠ፤ ጨርሶ ሊበላን ነው አለ። ሦስት ቀን ማንም ዝር አላለም። ሚስቱ ደግሞ ለወናፉ ገዢ አግኝታለታለች፤ በሳምንቱ ሊወስደው ቀጠሮ ይዟል። በአራተኛው ቀን አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ሁለት ቁራጭ ብረት ይዘው መጡ።

«ጭንጫ ላይ ይከፈላል» አሉት። «ድሮም ይከፈል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ፈርተንህ።»

የቀጥቃጩ ፊት ጠቆረ። ሚስቱ አሁን ያባርራቸዋል ብላ በሩ ላይ ቆመች። እሱ ግን መሬት ተቀምጦ ስብራቱን ሲያገላብጥ ቆየ።

«አያ ደምለው፣ ወናፉን ይያዙልኝ» አለ።

ያን ቀን የሠሩት ማረሻ ጭንጫው ላይ ለሁለት ተከፈለ። በማግስቱ የሠሩትም ተከፈለ፤ ሽማግሌው እየመለሱ ሰደቡት። ሦስተኛው ጭንጫውን አርሶ ወጣ። የሽማግሌው በሬም አልሞተ። ወናፍ ሊገዛ የመጣው ሰው ወረፋ ጠብቆ ማረሻ ገዝቶ ሄደ።

እንግዲህ ልጄ፣ ቀጥቃጩ አንተ ነህ፤ አጥርህም ያ ደብተርህና ስብሰባ ላይ የምትቀመጥበት ከፍ ያለ ወንበር ነው። ፈሪዎቹ እኛ ነን፤ እኔም አለሁበት። ያመጣህልን ዕለት እጃችን እስኪቀላ ያጨበጨብንልህ የበቆሎ መፈልፈያ ፍሬውን ከነቆረቆንዳው ያደቅቀዋል። ዛሬ መጋዘን ውስጥ ዶሮ ሰፍሮበታል። ከማዳበሪያው ዝርዝር ስሜን ይሰርዘዋል ብሎ ሁሉም ዝም አለህ። ማዶዎቹም ያንኑ መፈልፈያ ነው የተቀበሉት። በሁለተኛው ቀን ያመጣላቸውን ሰው አስጠርተው ልክ ልኩን ነገሩት፤ እሱም ብየዳ ቤት አብሯቸው ውሎ የመፈልፈያውን ጥርስ አስቀየረ። ሌላ መድኃኒት የላቸውም።

ስለዚህ ነገ ስብሰባ አትጥራ። መጋዘኑን ክፈትና ዶሮዎቹን አስወጥተህ ከማሽኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥ። አንድ ሰው ቀድሞ መሳደብ አለበት፤ እሱን ለእኔ ተወው።